የዱር እንስሳት የምስል መዝገብና የሕዝብ ተሳትፎ፦ ታሪካዊ ቅኝትና ለደቡብ ወሎ ትምህርት ቤቶች ያለው ፋይዳ

መግቢያ

በደሴ ከተማ ፒያሳ እየተባለ በሚጠራው ሠፈርም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን እምብርት፥ የፎቶግራፍ ቤቶች ለብዙ ዘመን የሕዝብ ማኅደር ሆነው አገልግለዋል። ሙሽሮች፣ ተመራቂዎችና ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱ ልጆች መልካቸውን ያስቀረጹት በእነዚህ ቤቶች ነው። ዛሬ ግን በዚያው ጎዳና የሚያልፈው ወጣት የፎቶግራፍና የተንቀሳቃሽ ምስል መቅረጫውን በኪሱ ይዞ ይሄዳል። መሣሪያው ከባለሙያው እጅ ወጥቶ በሰፊው ሕዝብ እጅ ገብቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የሰው ምስል እንዲህ ሲበዛ፥ በከተማይቱ አናት ላይ በቆመው በጦሳ ተራራ፣ በቦርከና ሸለቆና በሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩት አራዊትና አዕዋፍ ምስል በትምህርት ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ እምብዛም አይታይም። የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ የሜዳ አህያንና ቀጭኔን በሥዕል ለይቶ ያውቃል። በራሱ ዞን የሚገኘውን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ግን በስም ብቻ ሰምቶ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዱር እንስሳትን ፎቶግራፍና ተንቀሳቃሽ ምስል ሰብስቦ በኢንተርኔት ለሕዝብ የማቅረቡ ሥራ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደጸናና በምን እንደወደቀ በታሪክ መመርመር፤ ከዚያም ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚሆነውን ትምህርት ማውጣት ነው። የምርመራው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ወደ መዝገቡ የሚያስገባው ማን ነው? የሚሰይመውስ? የሚጠብቀውስ? የሚል ነው። ከታሪኩ እንደምንረዳው ሕዝቡን ተመልካች ብቻ ያደረገ መዝገብ ከአቋቋሚው ጋር ይወድቃል። ሕዝቡን አስገቢ፣ ሰያሚና ጠባቂ ያደረገው ግን ሥር ይሰድዳል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. የተባለው በኢትዮጵያ፥ እ.አ.አ. የተባለው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

1. ከመዝገቡ በፊት የነበረው ስም

የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት በዘመናዊ ሳይንስ መዝገብ ውስጥ መግባት የጀመሩት በምስል ሳይሆን በቆዳና በአጥንት ነው። የፍራንክፈርት ተወላጅ የሆነው ኤድዋርድ ሩፕል እ.አ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ ስሜንና ጎንደር ድረስ ከተጓዘ በኋላ፥ የሰበሰባቸውን ናሙናዎች ወደ ትውልድ ከተማው ሙዚየም ወሰደ። ጭላዳንና ዋልያን ለሳይንስ ዓለም በጽሑፍ ያስተዋወቀው እ.አ.አ. በ1835 ነው። ቀይ ቀበሮንም ያስተዋወቀው እርሱ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። የጭላዳ ሳይንሳዊ ስም ሁለተኛው ክፍል «ጌላዳ»፣ የዋልያው ደግሞ «ዋሊ» ይባላል። ሁለቱም ከአገሬው አፍ የተወሰዱ ቃላት ናቸው። የቀይ ቀበሮው ሳይንሳዊ ስምም የስሜንን አገር ስም ይዟል። እንግዲህ እንስሳውን ያሳየ፣ መንገዱን የመራ፣ ስሙንም የነገረ የአገሬው እረኛና ገበሬ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ሲመዘገብ ቃሉን የሰጠው ሰው አልተመዘገበም። የሕዝብ ተሳትፎ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ነበረ፤ የጎደለው ዕውቅናው ነው።

ሌላው ምሳሌ የደጋ አጋዘን ነው። በባሌና በአርሲ ደጋ የሚኖረው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ይህ ትልቅ እንስሳ ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባው አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.አ.አ. በ1908 ከገደለው በኋላ፥ ሪቻርድ ሊዴከር እ.አ.አ. በ1910 ባወጣው ጽሑፍ ነው። በዚህ ጊዜ ሳይንሳዊ ስሙ ከአገሬው ቃል ሳይሆን ከአዳኙ ስም ተወሰደ። ማን ይሰይማል የሚለው ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ለዘመናችን የቀረበ ነው። እ.አ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ አገር ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ላይ የሞተች የሌሊት ወፍ ዘር ያልሆነች፣ በሌሊት ነፍሳትን እያደነች የምትኖር ትንሽ ወፍ አገኙ። ከሬሳው ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉ ከሌሎች ናሙናዎች ጋር ሲመሳከር ከሚታወቁት ዝርያዎች ሁሉ የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ እ.አ.አ. በ1995ም አዲስ ዝርያ ተብሎ ታወጀ። የተሰጠው ስምም በላቲን ቋንቋ «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። አንድ ዝርያ በሙሉ በአንድ ክንፍ ብቻ ሊታወቅ መብቃቱ፥ በመንገድ የሚያልፍ የአንድ ሰው ጥንቃቄ ለዕውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል። በዚያ መንገድ በየዕለቱ የሚመላለሱት የአካባቢው ሰዎች ያዩትን የሚያስመዘግቡበት ቦታ ቢኖራቸው ኖሮ ስንት ነገር ሊታወቅ ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

2. ቆዳን የተካው ምስል

ፎቶግራፍ ወደ ዱር የገባው ቀስ በቀስ ነው። የጥንቱ መሣሪያ ከባድና ዝግተኛ ስለነበረ የሚንቀሳቀስ እንስሳ ለመቅረጽ አይመችም ነበር። በዚህ ረገድ እንደ መለወጫ የሚቆጠረው ጆርጅ ሺራስ የተባለ አሜሪካዊ በሌሊት በብልጭታ ብርሃን ያነሣቸው የዱር እንስሳት ፎቶግራፎች እ.አ.አ. በ1906 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት መታተማቸው ነው። ሺራስ አስቀድሞ አዳኝ ነበረ፤ ኋላ ግን ጠመንጃውን በካሜራ ተካው። ከዚያ ወዲህ እንስሳውን ሳይገድሉ ማስረጃውን ይዞ መመለስ እንደሚቻል ታወቀ። ከሥነ ምግባር አንጻር ሲታይ ይህ ለትምህርት ቤት ትልቅ በር ከፋች ነው፤ ተማሪን ቆዳና አጥንት እንዲሰበስብ ማዘዝ የማይገባ ሲሆን፥ ምስል እንዲሰበስብ ማድረግ ግን ይገባል።

በዚሁ ዘመን ተራው ሕዝብ በቆጠራ መሳተፍ ጀመረ። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የአዕዋፍ ተመራማሪ እ.አ.አ. በ1900 ለፈረንጆች ገና በዓል ወፍ መግደል የተለመደ መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ ሰዎች በዚያ ቀን ወጥተው ወፍ እንዲቆጥሩ ሐሳብ አቀረበ። በመጀመሪያው ዓመት የተሳተፉት 27 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቆጠራው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ቀጥሎ የአሜሪካ አዕዋፍ መብዛትና ማነስ የሚለካበት ዋና ሰነድ ለመሆን በቅቷል። ያጸናው የመሣሪያው ብልጫ ሳይሆን፥ ሰዎች በየዓመቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ደንብ መቁጠራቸው ነው።

በኢትዮጵያም የዱር እንስሳት ምስል ወደ ሕዝብ ዓይን ከቀረበባቸው ቀደምት መንገዶች አንዱ የፖስታ ቴምብር ነው። እ.አ.አ. በ1919 ከወጡት ቴምብሮች መካከል የዱር እንስሳት ሥዕል ያለባቸው ነበሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ፤ እ.አ.አ. በ1966ም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሥርቶ «ዋልያ» የተባለ መጽሔት እስከ ማሳተም ደረሰ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.አ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የአገራችን እንስሳት ዝና በዓለም ተሰማ። በኋላም በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። እነዚህ ሁሉ የሚመሰገኑ እርምጃዎች ናቸው። ሆኖም ከመናፈሻው አጠገብ የሚኖረው ሰው ያየውን ይዞ የሚመጣበት፣ ያመጣውም በስሙ የሚቀመጥበት የምስል መዝገብ የእነዚህ እርምጃዎች አካል አልነበረም።

3. የአንድ ታላቅ መዝገብ መከፈትና መዘጋት

የዱር እንስሳትን ምስል በአንድ የኢንተርኔት መዝገብ አሰባስቦ ለዓለም ሕዝብ በነጻ የማሳየት ሐሳብ ካፈለቁት መካከል ክሪስቶፈር ፓርሰንስ ይጠቀሳል። ፓርሰንስ የቢ.ቢ.ሲ. የተፈጥሮ ታሪክ ፊልም ክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። በሥራው ዘመን ብርቅ የሆኑ ምስሎች በግለሰቦች መሳቢያና በኩባንያዎች ግምጃ ቤት ተበታትነው እንደሚገኙና ባለቤቶቻቸው ሲሞቱ ሊጠፉ እንደሚችሉ ተረዳ። እንስሳው ከምድር ቢጠፋ ምስሉ እንኳ እንዲተርፍ ያቀደው መዝገብ «አርካይቭ» ተባለ፤ ስያሜውም የኖኅን መርከብና የመዝገብ ቤትን የእንግሊዝኛ ቃላት አገጣጥሞ የያዘ ነው። ፓርሰንስ እ.አ.አ. በ2002 ሲያርፍ፥ መዝገቡ ዋይልድስክሪን በተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነት እ.አ.አ. በ2003 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ተከፈተ።

አርካይቭ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ፊልም ሠሪዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ያበረከቱት ከ100,000 በላይ ፎቶግራፍና ተንቀሳቃሽ ምስል ተሰብስቦበታል፤ በመጥፋት ላይ ያሉ ዝርያዎች ቅድሚያ ተሰጥቷቸዋል። ለመምህራንም የማስተማሪያ ጽሑፎች ተዘጋጅተውለት ነበር። ነገር ግን እ.አ.አ. በየካቲት ወር 2019 ድረ ገጹ በገንዘብ እጦት ምክንያት ለሕዝብ ተዘጋ። ስብስቡ ለክፉ ቀን ተቀምጧል፤ መምህሩና ተማሪው የሚገቡበት በር ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የለም።

ከዚህ ምን እንማራለን? በመዝገቡ የተጠቀመው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። ይሁን እንጂ አብዛኛው የመጣው ለማየት ነው። የሚያስገቡት በሙያው የታወቁ ሰዎች፥ የሚመርጡትና የሚያስተካክሉት ደግሞ በአንድ ከተማ የሚገኙ ጥቂት ደመወዝተኞች ነበሩ። ደመወዙ ሲያልቅ ሥራው ቆመ። ለጥራት ሲባል የተደረገው ይህ አሠራር በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ምስሎቹም በእርግጥ የላቁ ነበሩ። ጉድለቱ መዝገቡን ቢዘጋ ኖሮ የራሴ ነገር ጠፋብኝ ብሎ የሚነሣ ባለቤት በየአገሩ ሳያፈራ መቅረቱ ነው።

የአገራችን መምህራን ይህን በሌላ መልክ ያውቁታል። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት በምስል የበለጸገ ነበር። ነገር ግን ዝግጅቱ ከክፍሉ ውጭ ተጠናቅቆ በሳተላይት ስለሚመጣ መምህሩ ሊያቆመውም ሆነ ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር። ብዙ መምህራን በገዛ ክፍላቸው ተመልካች ሆንን ሲሉ ቅሬታ ያሰሙ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ ሥራዎች በዓላማ የተለያዩ ቢሆኑም የጋራ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ምስል የቱንም ያህል ቢያምር ተቀባዩ እጁን ካላስገባበት እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

4. ሕዝቡ ራሱ የሚሞላቸው መዝገቦች

ከአርካይቭ ጎን ለጎን በሌላ መንገድ የተነሡ መዝገቦች ነበሩ። እ.አ.አ. በ2002 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአዕዋፍ ምርምር ተቋምና ኦዱቦን የተባለው ማኅበር «ኢበርድ» የሚባለውን ጀመሩ። ማንኛውም ሰው ያየውን ወፍ፣ የትና መቼ እንዳየው ያስመዘግብበታል፤ በኋላም ፎቶግራፍና ድምፅ ማያያዝ ተቻለ። እ.አ.አ. በ2008 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ይማሩ የነበሩ ተማሪዎች ለማስተርስ ዲግሪ ማሟያ «አይናቹራሊስት» የተባለውን መሠረቱ። ዛሬ ታላላቅ ተመራማሪዎች የሚገለገሉበት መዝገብ በተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ መጀመሩ ለትምህርት ሰዎች ልዩ ትርጉም አለው።

የአይናቹራሊስት አሠራር ለክፍል ትምህርት የሚስማማ ስለሆነ በአጭሩ እናስረዳ። አንድ ሰው ያነሣውን ፎቶግራፍ ከቀኑና ከቦታው ጋር ያስገባል። የእንስሳውን ስም ባያውቅ እንኳ «ወፍ» ብሎ ማስገባት ይችላል። ሌሎች አባላት አይተው የመሰላቸውን ስም ያቀርባሉ። ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሲስማሙና ከሰያሚዎቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ባንድ ዝርያ ስም ሲተባበሩ መረጃው ለምርምር የሚበቃ ይባላል። እንዲህ የበቃው መረጃ፥ ባለቤቱ የሰጠው የአጠቃቀም ፈቃድ ሲያስችል፥ እ.አ.አ. በ2001 ወደ ተመሠረተው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ይተላለፋል። ፎቶግራፉ በአንሺው ስም ይቀመጣል። አባላት የአገራቸውን ቋንቋ ስያሜም ሊጨምሩበት ይችላሉ። በሩፕል ዘመን ቃሉን ሰጥቶ ስሙ ሳይጻፍ የቀረው እረኛ የልጅ ልጁ ዛሬ ቃሉንም ስሙንም ማስጻፍ ይችላል ማለት ነው።

ሆኖም እነዚህ መዝገቦች እንከን የለባቸውም አንልም። አንደኛ፥ መረጃው የሚበዛው ስልክና መንገድ ባለበት ነው። በአንድ ወረዳ ምንም ምስል አለመመዝገቡ እንስሳ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ መዝጋቢ አለመኖሩን ብቻ ሊያመለክት ይችላል። ዕቅድ አውጪ ይህን ካልለየ ባዶውን ካርታ እንደ ባዶ ምድር ሊያነበው ይችላል። ሁለተኛ፥ ስማቸው በዋዛ የማይለዩ ዝርያዎች በብዙኃን ስምምነት ሊሳሳቱ ይችላሉ። ሦስተኛ፥ ብርቅ እንስሳ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ መግለጽ ለአዳኝ መንገድ ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ምክንያት አይናቹራሊስት ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ለሕዝብ ሳይገልጽ አካባቢውን ብቻ በሰፊው ያመለክታል። ይህ ደንብ ለእኛም ትምህርት ቤቶች አርአያ ሊሆን ይገባል።

5. የወሎ ጉዳይ

ይህ ሁሉ ለደቡብ ወሎ ምን ያገባዋል የሚል ጠያቂ ቢኖር መልሱ በቀይ ቀበሮ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር፣ በምድር ላይ ያሉት አዋቂዎቹ ከ500 እንደማይበልጡ የሚገመት እንስሳ ነው። ዋና ዋና ጠላቶቹ የእርሻ መስፋፋትና ከውሻ የሚተላለፉ የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች ደዌዎች ናቸው። በደቡብ ወሎ ጉጉፍቱ፣ በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ፣ በጎጃምም ጮቄ ላይ ይኖሩ የነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ጠፍተዋል። ጉጉፍቱ የሩቅ አገር ስም አይደለም፤ ከኮሌጃችን የሚመረቁ መምህራን የሚመደቡበት የራሳችን ደጋ ነው። በዚያ ይኖሩ የነበሩት እንስሳት ሲያንሱ፥ በመጨረሻም ሲጠፉ፥ በየዓመቱ የሚነሣ ፎቶግራፍና የሚያዝ ቆጠራ በየትምህርት ቤቱ ቢኖር ኖሮ ማነሱ ከመጥፋቱ በፊት ይታወቅ ነበር። የምስል መዝገብ ጌጥ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

ገና ያልጠፋም አለን። ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው፥ ኋላም የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ሥፍራ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ሰስና ነብር የሚኖሩበት የደቡብ ወሎ ሀብት ነው። በየከተማው ደግሞ ሩቅ መሄድ የማያሻቸው ብዙ ናቸው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ መኖሪያ የለውም ለማለት ይቻላል፤ የደሴ ተማሪ ግን በትምህርት ቤቱ ጣራ ላይ ሊያየው ይችላል። አንገተ ነጭዋ የደጋ ርግብም እንዲሁ ናት። ከሌላው ዓለም ብዙ ገንዘብ አውጥተው ሊያዩአቸው የሚመጡትን አዕዋፍ ልጆቻችን እንደ ተራ ነገር ያልፏቸዋል።

ሕዝብ የተፈጥሮ ጠባቂ ሊሆን እንደሚችልም የጎረቤታችን የመንዝ ጓሳ ታሪክ ይመሰክራል። በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ የሕዝብ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሥፍራው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈትም ሁሉም በደንብ ያጭዳል፣ ያግጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያስቀረውም ሕዝቡ በኋላ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሟል፤ ቀይ ቀበሮም በጓሳ ዛሬ አለ። ጓሳ የቆየው ደንቡን ያወጣውም፣ ያስከበረውም፣ ከሣሩ የሚጠቀመውም አንድ ሕዝብ ስለሆነ ነው። የምስል መዝገብም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል።

6. አንድ ቦታ የተቀመጠ ነገር

የመዝገብ ጉዳይ ሲነሣ የ2014 ዓ.ም. ጥፋት ሊረሳ አይገባም። በዚያ ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያጥለቀልቅ፥ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የትምህርት ተቋማት ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል። በአንድ ቤት ብቻ የነበረ፣ ቅጂም ፎቶግራፍም ያልተረፈለት ዕቃ ከጠፋ ምን ይመስል እንደነበር ለትውልድ ማሳየት አይቻልም። ከዚያም እ.አ.አ. ከነሐሴ ወር 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ለብዙ ወራት የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጧል። ከሁለቱ ክስተቶች የሚወሰደው ትምህርት ተደጋጋፊ ነው፤ በቤት ብቻ ያለ መዝገብ ይዘረፋል፣ በኢንተርኔት ብቻ ያለ መዝገብም የሚያስፈልግበት ቀን ላይ ላይገኝ ይችላል። አርካይቭም ያለ ጦርነት ተዘግቷል። ስለዚህ መዝገብ በብዙ ቦታ፣ በብዙ እጅ መኖር አለበት።

7. ለትምህርት ቤቶች የሚቀርብ ሐሳብ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ በመነሣት የሚከተሉት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

ሀ) ሥራው ከግቢ ይጀምር። የጸጥታው ሁኔታ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ተማሪን ወደ ጫካና ተራራ መላክ አይገባም። የትምህርት ቤቱ ዛፍ፣ አጥርና ጣራ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። በዚያው ቦታ፣ በየወሩ በተወሰነ ቀን የሚደረግ ምዝገባ ከአንድ ጊዜ ሩቅ ጉዞ ይበልጣል።

ለ) እያንዳንዱ ምስል አራት ነገሮች ይያዙለት፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ያነሣው ሰውና የአካባቢው ስያሜ። ስያሜው በአማርኛ ብቻ አይወሰን፤ በኮምቦልቻና በአካባቢዋ ኦሮምኛና አርጎብኛ የሚናገሩ ወላጆች ስላሉ ልጆች ከቤታቸው ጠይቀው ያምጡ። እነዚህ አራቱ የሌሉት ፎቶግራፍ ለማየት ደስ ያሰኝ ይሆናል እንጂ ሰነድ አይሆንም።

ሐ) ስልክ የሌለው ተማሪ ከሥራው አይገለል። ለአንድ ክበብ አንድ የመምህር ስልክ ይበቃል። ሌላው ተማሪ ይመለከታል፣ ይቆጥራል፣ ይሥላል፣ በደብተር ይጽፋል። ይህ ካልታሰበበት የሕዝብ ተሳትፎ የተባለው የባለ ስልኮች ተሳትፎ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መ) ስያሜ በክርክር ይወሰን። ተማሪው የመሰለውን ይናገር፣ ምልክቱን ይጥቀስ፣ ሌላው ይቃወም ወይም ይደግፍ፤ ያልተወሰነው ሳይወሰን ይቀመጥ። ከሥርዓተ ትምህርት አንጻር ዋናው ፍሬ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ልጁ አንድ ነገር እውነት የሚባለው በማስረጃ መሆኑን በእጁ ሠርቶ ይማራል። በአካባቢ ሳይንስና በባዮሎጂ መማሪያ ላይ የሰፈሩት የምደባ ትምህርቶች በዚህ ሕይወት ያገኛሉ።

ሠ) የጥንቃቄ ደንብ ይኑር። ጎጆና ጉድጓድ አይነካ፤ እንስሳ አይባረር፣ አይመገብ፤ ጅብን የመሰለ አደገኛ አውሬ በሌሊት ለማንሣት አይሞከር። የብርቅ እንስሳ ማደሪያ በይፋ አይገለጽ። የልጆች መልክና ሙሉ ስምም ከቤተሰብ ፈቃድ ውጭ ወደ ኢንተርኔት አይግባ፤ በትምህርት ቤቱ ደብተር ግን አንሺው በስሙ ይመዝገብ።

ረ) ቅጂው በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በአቅራቢያው መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ፣ አንዱም ለሁሉ ክፍት በሆነ የኢንተርኔት መዝገብ። ግንኙነት በሌለበት ጊዜ የተሰበሰበው በማከማቻ ተይዞ መሥመር ሲገኝ ይላካል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚነሣው ጥያቄ የወጪ ነው። ሥራው አዲስ ሕንፃም ሆነ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የመምህር ጊዜ ነው፤ ይህም በክበብ ሰዓት ውስጥ በግልጽ ካልተመደበና በመምህሩ የሥራ ምዘና ካልተቆጠረ፥ በአንድ ትጉህ ሰው ትከሻ ላይ ወድቆ እርሱ ሲዛወር ያበቃለታል። የአንድ ሰው ቅንዓት መልካም መነሻ ነው እንጂ መሠረት አይደለም።

ማጠቃለያ

ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ገደማ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት በቆዳ፣ በአጥንት፣ በአንድ ክንፍ፣ በቴምብር፣ በፊልምና በኢንተርኔት ተመዝግበዋል። በየደረጃው የአገሬው ሰው ነበረበት፤ መንገድ መርቷል፣ ስም ነግሯል፣ ሣሩንም ጠብቋል። በመዝገቡ ላይ ግን ስሙ እምብዛም አልሰፈረም። የሙያተኞች ታላቅ መዝገብ ገንዘብ ሲያጥረው ተዘግቷል፤ በ27 ሰዎች የተጀመረው ቆጠራና በተማሪዎች የተጀመረው መዝገብ ግን ቀጥለዋል። ልዩነቱን ያመጣው ሥራውን የራሱ አድርጎ የሚመለከተው ሰው ብዛት ነው።

የጉጉፍቱ ቀይ ቀበሮዎች ተመልሰው ላይመጡ ይችላሉ። በቦረና ሳይንት ያሉት ግን አሉ፤ በትምህርት ቤቶቻችን ጣራ ላይ የሚያርፈው ቁራም አለ። አሁን በአንደኛ ክፍል ያለ ልጅ መምህር ሆኖ ሲመለስ፥ ስለ አገሩ አራዊት ለተማሪዎቹ የሚያሳየው እርሱና ጓደኞቹ ያነሡትን፣ በቋንቋቸው የሰየሙትን፣ ቀኑና ቦታው የታወቀውን ምስል እንዲሆን ለማድረግ የሚያስፈልገው መሣሪያ በእጃችን ነው። የቀረው በሚመጣው ዓመት የክበባት ዕቅድ ውስጥ አንድ መሥመር ማስገባትና በዚያው መሥመር በየዓመቱ መጽናት ነው።